ውሃው ሲናወጥ ሰው ያላት ማን ናት?



ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገናኙ ቤቱ በሙሉ ጾመኛ ይሆናል። ማዳምም ትጾማለች፣ ባባም ይጾማል፣ እኛም እንጾማለን። ልዩነቱ ሳምቡሳውን የምንጠብሰው፣ ሾርባውን የምናማስለው፣ ሰሃኑን አጥበን ጎናችንን ሳናሳርፍ ደግሞ ለሱሁር የምንነሣው እኛ መሆናችን ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችሁ ይህን ጽሑፍ ሌሊት፣ ስልካችሁን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትታችሁ እንደምታነቡት አውቃለሁ። እንቅልፋችሁን መሻማት አልፈልግም። ግን ጉዳዬ ቀን የተቆረጠለት ነገር ስለነበረበት ትንሽ ታገሡኝ።

በ2017 ዓ.ም. መጻጉዕ የዋለው መጋቢት 7 እሑድ ነበር። የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት። አገር ቤት ብንሆን ነጠላችንን አጣፍተን ከቅዳሴ በኋላ ስብከቱን ሰምተን እንመለስ ነበር። እዚህ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ዕረፍት የሚሰጣትም ዓርብ ነው የምትወጣው። ዓርብ ሩዊ ሄዳ ከፊሊፒንሱም ከሕንዱም ጋር ተሰልፋ ቤተ ክርስቲያን የምትገባ እህት ዕድለኛ ናት። ከመቤላ ወይም ከሲብ ጫፍ መውጣት የማይፈቀድላት ደግሞ መጻጉዕን የምታሳልፈው ካውያ ይዛ ነው። እኔም ዓመታት ያሳለፍኩት እንደዚያ ነው። ታሪኩን ደጋግሜ ያሰብኩትም ያኔ ነው፤ እጅ ሲሠራ ልብ ሥራ ይፈታል እኮ።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁት ባጭሩ ላስታውስ። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ በበጎች በር አጠገብ ቤተ ሳይዳ የምትባል መጠመቂያ ነበረች፤ የምሕረት ቤት ማለት ነው። አምስት መመላለሻ ነበራት፤ በዚያ ውስጥ ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሰውነቱ የሰለለው ሁሉ ተኝቶ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? የውሃውን መናወጥ። መልአክ አልፎ አልፎ ወርዶ ውሃውን ሲያናውጠው፣ ቀድሞ የገባ አንድ ሰው ይድናል። ሁለተኛ የደረሰው ተመልሶ ይተኛል።

ከእነዚያ መካከል 38 ዓመት የታመመ ሰው ነበረ። እስቲ ይህን ቁጥር ልብ በሉት። ጌታ በምድር የተመላለሰው 33 ዓመት ነው ብለን ነው የተማርነው። እንግዲህ ያ ሰው የታመመው ጌታ በቤተ ልሔም ከመወለዱም በፊት ነው ማለት ነው። ሕመሙ ሲጀምረው የሚያድነው እጅ ገና በሥጋ ወደ ምድር አልመጣም። በዚያ ሁሉ ዓመት ያ ሰው ሰማይ የዘጋበት መስሎት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሕፃን ናዝሬት ውስጥ እያደገ ነበር።

ስለ እግዚአብሔር ጊዜ ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያጽናናኝ ይህ ነው። ዝም ያለ የሚመስለን ጊዜ ባዶ አይደለም። አንቺ ሲብ ውስጥ መስኮት ስትወለውዪ፣ መፍትሔሽ አንቺ በማታውቂው ቦታ፣ በማታውቂው ሰው እጅ እየበሰለ ሊሆን ይችላል። ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። ስንቶቻችን ነን ዛሬ የምንተማመንባት ጓደኛ፣ መጀመሪያ አልቅሰን በገባንበት ቀን ገና ከአገሯ ያልወጣች?

ሌላም ነገር አለ። መጻጉዕ የሰውየው ስም አይደለም፤ በግዕዝ ድውይ፣ ሰውነቱ የማይታዘዝለት ማለት ነው። ወንጌሉ ስሙን አልነገረንም፤ ሰው የሚጠራው በደዌው ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው? ኻዳማ፣ ሸጋላ እየተባልን እንጠራለን። አንዳንዶቻችን የክርስትና ስማችን ቀርቶ እናታችን ያወጣችልን ስም እንኳ ለቤቱ አልመች ብሎ ሌላ ስም ተለጥፎብናል። ጌታ ግን ወደዚያ ሰው ሲመጣ ስንት ዘመን እንደተኛ ያውቅ ነበር ይላል። ማንም ያልነገረውን ያውቅ ነበር። ስማችን ባይጠራም ዓመታችን ተቆጥሯል፤ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደምንተኛ የሚያውቅ አለ።

አሁን ወደ ልቡ ነገር ልምጣ። ጌታ ሰውየውን መዳን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ማንም ሰው አዎን ይል ነበር፤ እሱ ግን አዎን አላለም። ውሃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚከተው ሰው እንደሌለው፣ እሱ እየተንፏቀቀ ሳለ ሌላው እንደሚቀድመው ነው የነገረው። ልብ በሉ፤ ውሃ የለም አላለም። እምነትም አላነሰውም፤ እምነት ባይኖረው ኖሮ ትቶ ይሄድ ነበር። የጎደለው ሰው ነው። ውሃው አጠገቡ ነው፣ ምሕረቱ አጠገቡ ነው፣ የሚያደርሰው ሰው ግን የለም።

እኔ በዚህ ማኅበር ስልክ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ስንት ዓይነት ችግር ሰምቻለሁ። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የተወሰደ ፓስፖርት፣ ሕመም፣ ዱላ፣ ከመክተብ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ መክተብ እንደ ዕቃ መመላለስ። ግን የሁሉም ማሠሪያ አንድ ቃል ነው፤ ሰው የለኝም። ችግሩን ከተናገረች በኋላ ዝም ትልና ያቺን ቃል ትናገራለች። የስደት ደዌው ራሱ ይህ ይመስለኛል። ድካምማ አገር ቤትም ነበረ።

ለምን ይህን ዛሬ አነሣሁት? ውሃው በ2017 ዓ.ም. ተናውጦ ስለነበረ ነው።

የኦማን መንግሥት የሥራ ፈቃዳቸው ያለፈባቸው የውጭ አገር ሠራተኞች የተጠራቀመው ቅጣት ተነሥቶላቸው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ፣ ወይም ወረቀታቸው እንዲስተካከል የስድስት ወር ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ጁላይ 31 ቀን 2025 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 24 እስከ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰዉ ሁሉ ምሕረት ይለው ነበር። እኔም ቃሉን ስሰማ ቤተ ሳይዳ ትዝ አለችኝ። የምሕረት ቤት በር ተከፍቶ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። አልፎ አልፎ ነው የሚናወጠው። ሲናወጥም ቀድማ የምትገባው ጤነኛዋ ናት፤ ስልክ ያላት፣ ዐረብኛ የምታነብ፣ ጓደኛ ያላት። እውነተኛዋ በሽተኛ፣ ስልኳ የተወሰደባት፣ ተደብቃ በሰዓት የምትሠራዋ፣ ፖሊስ ባየች ቁጥር ልቧ የሚወርደው፣ እሷ ወሬውን የምትሰማው ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን በግምት አይደለም የምለው። በኮሮና ጊዜ፣ በኖቬምበር 2020 እንዲሁ ዓይነት ምሕረት ታውጆ ነበር፤ ቀኑም ደጋግሞ ተራዝሟል። ያኔ የማውቃት አንዲት እህት ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ አል ኹወይር አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ጋር ተጠግታ ትኖር ነበር። የመጣችው አገራችን በ2006 ዓ.ም. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለቤት ሥራ መሄድን ካገደች በኋላ በጎን ነው፤ ኮንትራት አልነበራት፣ ፓስፖርቷ እጇ ላይ አልነበረም። ምሕረቱን ሰምታ ነበር፤ ግን አንዱ ወጥመድ ነው ሲላት፣ ሌላዋ ብር ይጠይቃሉ ስትላት፣ አብሯት ቢሮ የሚገባ ሰው ጠፍቶ ቀኑ አለቀ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተደብቃ ኖረች። በመካከል እናቷ ሞተች። ለቅሶዋን የተቀመጠችው በኢሞ ነው፤ ድምፅዋ ጎረቤት እንዳይሰማ አፏን በትራስ አፍና።

ይህችን እህት በ2017 ዓ.ም. ሁለት አባሎቻችን ይዘዋት ሄዱ። አንዷ ዐረብኛ ታነባለች፤ ሌላዋ ምንም አታነብም፣ ግን እጇን ይዛ ተቀመጠች። ተመዝግባ ወረቀቷን ትጠብቅ ነበር። ያኔ ገና አልሄደችም ነበር፤ ሄደች ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን ከአሁን በኋላ ሰው የለኝም ማለት አትችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት እፈልጋለሁ። የእግዚአብሔርን ጊዜ መጠበቅ የሚለው ቃል በእኛ መካከል ሁለት ዓይነት አፍ አለው። አንደኛው የእምነት አፍ ነው። ሁለተኛው የሚያስተኛ አፍ ነው። ደመወዝሽ ሦስት ወር ቀርቶብሽ፣ ቻይው፣ ሁሉም በጊዜው ነው የምትልሽ ጓደኛ ልቧ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአሠሪን ጊዜና የእግዚአብሔርን ጊዜ ቀላቅላብሻለች። ደመወዝ በየወሩ የሚከፈል ነው። ይህ ሰማይ የሚወስነው ሳይሆን ኮንትራትሽ ላይ የተጻፈ ነው። ፓስፖርትም እንዲሁ፤ አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት እንዳይዝ የሚከለክል ሰርኩላር እዚህ አገር የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውን እንደ ዕቃ መነገድን የሚከለክለው ሕግ በ2008 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሥራ ላይ መዋሉ ሌላ ነገር ነው፤ ስንቶቻችን ፓስፖርታችንን ከያዝን ዓመት እንዳለፈን እናውቃለን። ግን ሰው የከለከለውን ነገር እግዚአብሔር ያዘገየው አድርገን አንቁጠረው። ስሙን በከንቱ ማንሣት እንዳይሆንብን።

ታዲያ ለእግዚአብሔር የሚተወው የቱ ነው? እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው። የማዳም ልብ መለወጥ፣ የእናቴ ጤና፣ የአገሬ ሰላም፣ ያ የምሕረት ቀን መቼ እንደሚታወጅ፣ እነዚህ ከእጄ ውጪ ናቸው፤ ለእሱ ሰጥቼ እተኛለሁ። የደመወዝ ቀኔን ደብተር ላይ መጻፍ፣ የኮንትራቴንና የባታቃዬን ፎቶ ለታመነች እህት መላክ፣ የፖሊስ ቁጥር 9999 መሆኑን በቃሌ መያዝ፣ ያለሁበትን ቤት ምልክት ለአንድ ሰው መናገር፣ ይህ የእኔ ድርሻ ነው። ይህን ሳላደርግ ተኝቼ ብጠብቅ እግዚአብሔርን ታመንኩ አይባልም። መጻጉዕ እንኳ ሽባ ሆኖ ውሃው አጠገብ ነበር የተኛው። ቤቱ ሆኖ አልጠበቀም።

እኔ ራሴ መጀመሪያ በገባሁበት ቤት አምስት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም ነበር። ሌሊት ሌሊት ልብስ የምናሰጣበት ሰገነት ላይ ወጥቼ እጸልያለሁ። መልአክ እንዲመጣልኝ ነበር የምጠብቀው። የመጣችው ግን በጎረቤት ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ሴት ናት፤ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ ሙስሊም። በግንቡ ላይ ልብስ ስታሰጣ ታየኛለች። አንድ ቀን፣ አንቺ ልጅ፣ ማልቀሱንስ አልቅሺ፣ ግን ስንት ወር እንደሆነ ጽፈሽዋል? አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዴት በዐረብኛ እንደምጠይቅ ቃል በቃል አስጠናችኝ፤ ባባ ዘመድ በተሰበሰበበት ቀን፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ በአክብሮት እንድጠይቅ መከረችኝ። ጠየቅሁ። ሦስቱን ወር ከፈሉኝ፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ ቀረ። ተአምር ነው ወይ ብትሉኝ፣ አዎን እላችኋለሁ። ተአምሩ ሪያሉ አይደለም፤ እኔ ሰው አገኘሁ። እሷ ደግሞ ሰብር ስለሚባለው ነገር ያስተማረችኝን አልረሳም። የነቢዩ አዩብ ትዕግሥት ዝም ብሎ መቀመጥ እንዳልሆነ፣ ጌታውን እየጠራ መታገሥ እንደሆነ ነበር የምትነግረኝ። እኛ ኢዮብ የምንለው ያው እሱ ነው። በዚህ ነገር ላይ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚጣሉ አይመስለኝም።

የእግዚአብሔርን ጊዜ መታመን ምን እንደሚመስል ሳስብ ከእቁባችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አትሳቁ። እቁብ የምትጥል ሴት እጣዋ መቼ እንደሚወጣ አታውቅም። ይሁን እንጂ በየወሩ ትጥላለች። የሌላዋ ስም ሲወጣ እልል ትላለች። የእኔ ሳይወጣ ወር አለፈ ብላ ማቋረጥ አትችልም፤ ምክንያቱም ስሟ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። መጠበቋ ባዶ እጅ መጠበቅ አይደለም፤ እየጣለች ነው የምትጠብቀው።

ቤተ ሳይዳ የጎደላት ይህ ይመስለኛል። ያ ሁሉ በሽተኛ ጎን ለጎን ተኝቶ፣ እያንዳንዱ ውሃውን ብቻ ነው የሚያየው። አጠገቡ ያለው ሰው የሚቀድመው ባላጋራው ነው። ተነጋግረው፣ ዛሬ ይህን እናስገባ፣ በሚቀጥለው ያንን፣ ቢባባሉ ኖሮ 38 ዓመት የሚቆይ ሰው ይኖር ነበር? እኛም አንዳንዴ እንደዚያ ነን። ጥሩ ቤት ያገኘች ትደብቃለች፤ ወረቀት የሚያስተካክል ቢሮ ያወቀች ዝም ትላለች፤ ሌላዋ ብትቀድመኝስ ትላለች። በስደት የተማርነው ሽሚያ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን በእቁባችን ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። የአንዲት አባላችን እጣ ወጣ። ገንዘቡን ለቤት መሥሪያ አስባው ነበር፤ ቆርቆሮ ብቻ ነበር የቀራት። በዚያው ሳምንት የሌላዋ እናት ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል መግባታቸው ተሰማ። ባለ እጣዋ ተራዋን ሰጠቻት፤ እኔ በአንቺ ተራ እወስዳለሁ፣ ቆርቆሮው አይሸሽም አለች። ማንም አልሰበከላትም። እኚያ እናት ታከሙ፤ ዛሬ በስልክ ሁላችንንም ይመርቁናል። የዚያች ሴት ቤት ክዳን አራት ወር ዘገየ። አራት ወር የዘገየው በእግዚአብሔር ጊዜ ነው ወይስ ከእግዚአብሔር ጊዜ ውጪ? እናንተ ፍረዱ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ መዳን ትፈልጋለህ ወይ ወደሚለው። ለታመመ ሰው ይህ ምን ጥያቄ ነው እል ነበር። አሁን ግን ይገባኛል። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ መጠበቁን ራሱን ይለምደዋል። የሚቀጥለው ዓመት እገባለሁ እያልን ስንት ዓመት ሆነን? መጀመሪያ ለወንድም ትምህርት ነበር፤ ከዚያ ለቤቱ፣ ከዚያ ለአጥሩ፣ ከዚያ ለባጃጁ። ልጆቻችን በፎቶ አደጉ። ጥያቄው ለእኛም ነው፤ መመለስ ትፈልጊያለሽ? ወይስ መኖር ትፈልጊያለሽ፣ በወረቀት፣ በክብር? ሁለቱም ይቻላል፤ ግን መልስ ይፈልጋል። ምሕረቱ ለሁለቱም በር ነበረው፤ ሳትወስኚ ግን በየትኛውም አያስገባሽም ነበር።

ጌታም ያን ሰው አንሥቶ ውሃው ውስጥ አልከተተውም። ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ ነው ያዘዘው። ለምን አልጋውን? እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። 38 ዓመት የተሸከመውን አልጋ አሁን እሱ እንዲሸከመው ነው። ትናንት ያስተኛሽ ነገር ነገ ለሌላ ሰው ምስክር ይሆናል። የተከለከለ ደመወዝ የጠየቀች፣ እንዴት እንደሚጠየቅ ለሌላዋ ታስተምራለች። ቢሮ ገብታ የወጣች፣ የሚቀጥለዋን ታስገባለች። አልጋሽን ጥለሽ አትሂጂ።

እናም ተዘጋጂ፤ ወቃሽ አይጠፋም። ያ ሰው እንደዳነ መጀመሪያ የገጠመው ምን ነበር? ደስታ? አይደለም። ሰንበት ነውና አልጋህን ልትሸከም አልተፈቀደልህም የሚሉ ሰዎች ናቸው የተቀበሉት። 38 ዓመት ተኝቶ ሲያልፉት ያልታየቸው ሰው፣ ሲራመድ ታያቸው። አገርሽ ስትገቢም የሚጠይቅሽ ይኖራል፤ ምን ይዘሽ መጣሽ? ይህን ሁሉ ዓመት ተቀምጠሽ? ይሉሻል። በሰላም መግባትሽን የማያይ ሰው ሻንጣሽን ያያል። እህቴ፣ ቆመሽ መሄድሽ ነው ተአምሩ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ሳላነሣ ባልፍ ለእናንተ ታማኝ አልሆንም። በዚያች መጠመቂያ ብዙ በሽተኛ ነበር ይላል፤ የዳነው ግን አንድ ነው። ሌሎቹስ? በሬሳ ሣጥን አገሯ የገባች እህት ያለችን ሰዎች ይህን ጥያቄ መዝለል አንችልም። እሷም ጸልያ ነበር። ወንጌሉ ስለሌሎቹ አልነገረንም፤ እኔም እዚህ ተቀምጬ የእግዚአብሔርን መዝገብ ገልጬ ልተረጉም አልደፍርም። እምነቷ አንሶ ነው የሚል ሰው ካለ ግን በፊቴ እንዲናገር አልፈቅድም። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ጌታ ወደዚያ ቦታ የሄደው በበዓል ቀን ነው። ሕዝቡ ሁሉ ለበዓል ሲወጣ እሱ በሽተኞቹ ዘንድ ሄደ። ያመነ ሰው በበዓል ቀኑ የሚሄድበትን ቦታ አሳየን።

ይህን ደግሞ በእኛው ሰዎች አይተነዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ቤይሩት ውስጥ እንደኛው ያሉ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች እኛ ለእኛ በስደት የሚል ማኅበር መሠረቱ። በ2020 ሊባኖስ በገንዘብ ቀውስና በኮሮና ስትመታ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ ቆንስላችን ደጅ ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ያኔ ምግብ ካቀረቡት፣ ማደሪያ ከፈለጉት፣ የመመለሻ መንገድ ካመቻቹት መካከል እነዚያው ሠራተኞች ነበሩ። ሀብታም አልነበሩም። ራሳቸውም ተኝተው ውሃውን ሊጠብቁ ይችሉ ነበር። ስማቸው ራሱ ሁሉን ይናገራል፤ እኛ ለእኛ።

ስለዚህ እህቶቼ፣ የዚህ ወር ልመናዬ ይህ ነው። እያንዳንዳችሁ ወረቀት ያለፈባትን አንዲት ሴት ፈልጉ። አንዲት ብቻ። ምሕረት ሲታወጅ ቀኑን በግልጽ ንገሯት። ወጥመድ ነው የሚላት ካለ አብራችኋት ሰነድ ቢሮ ሂዱና በጆሯ ትስማ። የእያንዳንዷ ጉዳይ ይለያያል፤ ጠፍታለች የሚል ክስ ያለባት፣ ያልተከፈላት ደመወዝ ያላት፣ ፓስፖርቷ ጠፍቶ ሊሴ ፓሴ የሚያስፈልጋት ቶሎ መጀመር አለባት፤ ወረቀት ጊዜ ይበላል። ምሕረት አስጨርሳለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ሪያል አትስጡ፤ አስቀድማችሁ ለእኛ ደውሉ። ደመወዝ የቀረባት ደግሞ ከመሄዷ በፊት ሒሳቧን በጽሑፍ ታስቀምጥ። ቲኬት ለሚያጥራት የችግር ሣጥናችን ትንሽም ቢሆን አለ፤ በዚህ ጾም ከቡናችን ቀንሰን እንጨምርበት።

መውጣት የማይፈቀድላችሁም ድርሻ አላችሁ። በግንብ ላይ ልብስ ስታሰጡ ጎረቤት ያለችውን እዩአት። ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወጡ ሰላም በሏት። ስሟን ጠይቋት፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም። እኔን ያነሣችኝ ያቺ የወሎ ሴት ከዚያ የበለጠ ሥልጣን አልነበራትም።

ቀኑን የሚያመጣው እግዚአብሔር ነው። ውሃውን የሚያናውጠው እሱ ነው፤ መቼ እንደሚያናውጠው አንጠይቀውም። ሲያናውጠው ግን አጠገባችን የተኛችው ሰው አጥታ እንዳትቀር የእኛ ነው። አባቶቻችን የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ያሉት ይህንን አይተው ነው።

መልካም ጾም፣ ረመዳን ከሪም። ዓርብ እንገናኝ።